አባቴን በአማርኛ የቀረጽኩ ዕለት

ትናንት ሶዶ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ልጄ በስልኳ ፊልም ስታይ ቋንቋው ጆሮዬ ገባ። ማላያላም ነው። አንድ ቃል አልሰማም፤ ግን ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ የመጡ መምህር ነበሩን፤ ሚስተር ማቲው እንላቸዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በቋንቋቸው በማላያላም የተሠራ የአገራቸውን ፊልም በላፕቶፕ ያሳዩን ነበር። እኛ የህንድ ፊልም የምንለው ዛፍ እየዞሩ መዝፈን፣ አንዱ ሃያውን መደብደብ ነው። እዚያ ግን ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰው የተቀቀለ ካሳቫ በዓሣ ይበላል፣ ወንድማማቾች በድንበር ይጣላሉ፤ የሚናገሩትም በሰፈራቸው አነጋገር ነው።

"ኧረ ይሄ አገሬ ገሱባ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ታዲያ የገሱባውን ማን ይሥራው?" አሉኝ እየሳቁ።

ይቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። የሠርግ ካሜራ ተውሼ፣ ግማሹን መንገድ በጭቃ በእግሬ ተጉዤ ገሱባ ገባሁ። አባቴ ገበሬ ነበሩ፤ የድንበር ጠብ ሲሸመግሉ በወላይትኛ አንዲት ቀልድ ጣል ካደረጉ የተጣሉት ራሳቸው ይስቃሉ። መቅረጽ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ፊልም በአማርኛ ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ።

"አባባ፣ በአማርኛ ይናገሩልኝ።"

"ልጄ፣ እኔ አማርኛ የማውቀው ዳኛ ፊት ብቻ ነው።"

"ግድ የለም፣ እሱኑ።"

ኮፍያቸውን አወለቁ። በገዛ እንሰታቸው መሀል ቀጥ ብለው ቆሙና ስማቸውን ከነአያታቸው፣ ቀበሌያቸውን ተናገሩ፤ ከዚያ የዳኛ ጥያቄ እንደሚጠብቅ ሰው ካሜራውን ያዩ ጀመር። እናቴ ከጓሮ በወላይትኛ ስታሾፍባቸው "ዝም በይ፣ ድምፅሽ ይገባል!" ብዬ ተቆጣኋት።

ሚስተር ማቲው ቀረጻውን አይተው ሲጨርሱ "እኚህ ሰው ማንን ነው የሚፈሩት?" አሉ። በጣም አፈርኩ። ክረምቱ ይውጣና በወላይትኛ እደግመዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። አባቴ ክረምቱን አልወጡትም።

ከእሳቸው የቀረኝ ያቺ አጭር ምስል ብቻ ናት። ልጆቼ አያታቸው ፈሪ የነበሩ ይመስላቸዋል። "እንዲያ አልነበሩም" እላለሁ፤ እንዴት እንደነበሩ ግን የማሳያቸው ነገር የለኝም። በወላይትኛ ቀርጬስ ቢሆን? ልጆቼን በአማርኛ ብቻ ያሳደግኩት እኔው ነኝ። አባቴ ሲቀልዱ ማን ይስቅላቸው ነበር?