የኳስ ዕድሜ

ትናንት ልጄ ከልምምድ ሲመለስ የምዝገባ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ጣለልኝ፤ የክለቡ ማኅተም ገና አልደረቀም ነበርና የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ያኔውን አስታወሰኝ።

ያኔ እኛ የወጣት ቡድን ልጆች፣ የልደት ዕድሜና የኳስ ዕድሜ የሚባሉ ሁለት ዕድሜዎች ነበሩን። አሠልጣኛችን ጋሽ አስፋው ለክልሉ ሊግ ሲያስመዘግቡን ለሁላችንም አሥራ ስድስት ሞሉልን፤ ጠዋት ተላጭቶ ማታ ጢሙ የሚያቀመቅመው በረኛችን እንኳ እኩያችን ሆነ። እኔ አሥራ ስምንት አልፎኛል። የቀረው የወላጅ ፊርማ ነው፤ እሱንም አንዳችን ላንዳችን አጎት እየሆንን እንጨርሰዋለን።

ይባቤ ሐይቁ መሀል ካለችው ደሴት፣ የደቅ ልጅ ነው፤ ከተማው ውስጥ ፔዳ አካባቢ እኛ ግቢ ተከራይቶ ይማር ነበር። በግራ እግሩ ኳስ ሲይዝ፣ ሐይቁ ዳር ደንገል የሚያጭዱት ሰዎች ሳይቀሩ ማጭዳቸውን ጥለው ያዩታል። አሥራ አንድ ቁጥር የሱ ናት፤ እኔም የግራ ክንፍ ነኝና ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፎጣውን እይዝለታለሁ። ካንድ ሳሕን እየበላን ውስጤ ይቃጠል ነበር። ቅናት ነዋ! ሌላ ምን ስም አለው?

ቅጹን ሰጥቶኝ «አጎቴ ሁንና ፈርምልኝ» አለኝ። «ኧረ ተው፣ አባትህ እያሉ!» አልሁት፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በማግስቱ ቅጹን ይዤ ብቻዬን በጀልባ ደቅ ድረስ ሄድሁ። አባቱ ቄስ ፈንቴ ሐሰት ከሚጽፉ እጃቸው ቢቆረጥ እንደሚመርጡ አሳምሬ አውቃለሁ፤ የሄድሁትም ለዚሁ ነው። አሥራ ስድስት የሚለውን ሲያዩ ደነገጡ፤ ልጃቸውንም እንዳይጎዱት ፈርተው «አንተ የከተማ ሰው ነህ፤ ምን ይሻላል ልጄ?» ብለው እኔኑ አማከሩኝ።

«እውነቱን ይጻፉ አባቴ፤ ምንም አይሉትም» አልኋቸው።

ቁጥሩን ሰርዘው፣ የተወለደበትን ዓመትና ክርስትና የተነሣበትን ቀን አሳምረው ጻፉ፤ ከዚያም መስቀላቸውን አሳልመው፣ መርቀው ሸኙኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልሁ፤ ወይ ነውሬ!

ሌላ ቅጽ እንዲሞሉለት ለጋሽ አስፋው በስውር መስጠት ስችል ቅጹን የሊጉ መዝጋቢዎች ፊት ዘረጋሁት። እውነተኛ ዕድሜው የተጻፈለት አንድ ልጅ ብቻ ከዝርዝር ወጣ። አሥራ አንድ ቁጥርን ለብሼ አንድ የውድድር ዓመት ሮጥሁባት፤ አንድ ጎል እንኳ ሳላገባ ጉልበቴ ተሰናከለና አበቃልኝ።

ይባቤ ደቅ ተመልሶ ማረስ ያዘ። አባቱን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ፊቱን ያዞራል፤ መስቀላቸውን ሳይሳለም፣ እንደተኳረፉ አባቱ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ እሱ አላለቀሰም፤ እኔን ግን አቅፎ «አንተ ባትኖር ማን ነበረኝ?» አለኝ። እኔም መልሼ አቀፍሁት። በኋላም ልጄን ክርስትና አነሣልኝ።

ዛሬ ጠዋት ይባቤ እንደ ክርስትና አባት የልጄን ዕድሜ በቅጹ ላይ ሊመሰክር በጀልባ መጣ። ልጄ ለቡድኑ ከተወሰነው ዕድሜ ሁለት ዓመት ያልፈዋል። ይባቤ እስክሪብቶውን እንደያዘ «ስንት ልበል?» አለኝ።

«እውነቱን ጻፍ» አልሁት፤ ዘንድሮስ ከልቤ ነበር።

ሳቀብኝ። «ሞኝ! እኔን የቀበረኝ እውነት አይደል? የአባቴን ክፋት በልጅህ ላይ አልደግመውም» ብሎ ሁለት ዓመት ቀነሰና ፈረመ።

ይህን ጊዜ የያኔውን ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ልጄ አሥራ አንድ ቁጥር መለያውን እንደለበሰ ከጓዳ ብቅ ብሎ «አለቀ?» አለ።

«አለቀ» አልሁና ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።