ወደ ደቡብ ያዘነበለው ጣሪያ

ውባለም ምክር አትጠላም፤ ብቻ ሰምታ ስታበቃ የራሷን ታደርጋለች። የመንደር ምስረታው ዘመቻ ታች ጋይንት ሲደርስ እንደ ሰው ሁሉ የአባቶቿን ደጅ ትታ ወደ አዲሱ ሠፈር ወጣች። እምቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረም። ሠፈሩ የተቀየሰው በገመድ ነው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ቤት፣ በሩ ሁሉ ወደ መንገዱ፣ ጣሪያው ሁሉ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያዘነበለ። ለእሷ የደረሳት ቦታ ደግሞ የምሥራቁ ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታው ነው። «በሬን ለነፋስ ከፍቼ ልደር?» አለችና ቤቷን ወደ ደቡብ አዞረችው።

ልጇ ደምሌ ለውትድርና ከመወሰዱ በፊት ሁመራ ሰሊጥ አጭዶ ባገኘው ገንዘብ ቆርቆሮ ገዝቶ አለበሰላት። ምስማሩን ሁሉ በእጁ የመታው እሱ ነው። ከዚያ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ለእናቱ ትቶ ሄደ፤ ወሬውም ጠፋ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓዴ የባሏ የወንድም ልጅ ነው፤ እጇ ላይ ያደገ። የአውራጃ ሰዎች ሠፈሩን ሊጎበኙ ነው ሲባል እንቅልፍ አጣ። አንዲት ጠማማ ቤት ሠፈሩን ሁሉ ልታሰድብበት ነው። በግንቦት አንድ ቀን መጣና ደጇ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይፍረስ ተብሏል። ሌላ ሰው ከሚነካው እኔ ላፍርሰው፤ ቆርቆሮው እንዳይጎዳ እጠነቀቅልሻለሁ።»

«ክረምቱንስ የት ላድር ነው? አንተ ጀርባ ላይ?» አለችው።

እንዲህ ትበል እንጂ ፈርታ ነበር። ደምሌ ቢመለስ ቤቱን ቆሞ ያገኘው ዘንድ በየቀኑ ትጸልያለች፤ አሁን ጓዴ የሚላት ይህንን አፍርሺ ነው።

በዚያው ሳምንት የአርብ ገበያው ነጋዴ የሀሚድ ልጅ ኢሳ ከወረዳ ተልኮ ሁለት በቅሎ አስጭኖ መጣ። ባሕር ዳር የእጅ ሙያ የተማረ ልጅ ነው። የጫነው የክትባት መድኃኒት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣና መስተዋት የመሰለ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ሶላር ይሉታል። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ሊያስረው ወጣና ወዲያው ወረደ።

«እዚህ አይሆንም። ሰሌዳው ፊቱ ወደ ደቡብ መሆን አለበት። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ማገሩ ጠንካራ፣ አጠገቡ ጥላ የሚጥል ዛፍ የሌለው፤ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ደግሞ ትንሽ ያዘነበለ።»

«ፀሐይ የምትወጣው በምሥራቅ አይደለም ወይ?» አሉ ቄስ ተክለ ማርያም። «ወደ ምሥራቅ ይዙራ።»

«አባ፣ እንዲያ ካደረግነው ጠዋት በልቶ ከቀትር በኋላ ይጾማል። ይህ የእርስዎም የእኔም ጾም አይደለም።»

ቄሱ ሳቁ። ኢሳ በሠፈሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየና ውባለም ደጅ ላይ ቆመ። ከዚህ የተሻለ ጣሪያ የለም አለ። ጎረቤቱ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» እያለ እንኳን ደስ ያለሽ አላት፤ ጓዴም እፎይ አለ። የአውራጃ ሰዎች ለመድኃኒት ቤት ጠማማ ነው አይሉም። ውባለም እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ አመሰገነች።

ኢሳ ግን ገና አልጨረሰም። ሽቦው አጭር ስለሆነ ማቀዝቀዣው ከሰሌዳው ሥር፣ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ቤቱ ውስጥ እሳት አይነድበትም፤ ጭሱ ዕቃውን ያበላሻል። ሌሊት ይቆለፋል፤ ሰው አያድርበትም።

«እምቢ ብልስ?» አለች ውባለም ወደ ጓዴ ዞራ።

«ያኔማ ይፈርሳል፣ እትዬ» አለ ጓዴ።

«አልሸሹም ዞር አሉ» አለች። ከዚያ ኢሳን ጠየቀችው። «መድኃኒቱ ለኩፍኝ ይሆናል?»

«ዋናው ለእሱ ነው፣ እማማ።»

ባለፈው ዓመት ኩፍኝ ከዚያ ሠፈር ስንት ልጅ እንደወሰደ ሁሉም ያውቃል፤ ከቀባሪዎቹ አንዷ እሷ ነበረች። «እንግዲህ ቤቱ ይቁም» አለች። «ልጄ ቢመጣ ቆሞ ያገኘዋል። እኔን ሰው ጠይቆ ያገኘኛል።» በማግስቱ ምድጃዋን ነቅላ፣ ምራቷንና የልጅ ልጇን ይዛ መንገዱ ዳር ወደ ተሰጣት የሣር ቤት ገባች። ያን ቀን አለቀሰች፤ ሰው አይቷታል፣ እሷም አልደበቀችም።

ክትባት የተጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። እናቶች ከየጎጡ መጥተው ደጁን ሞሉት። ውባለም የልጅ ልጇን አዝላ መጣችና እግሯ እንደለመደው በሰዉ መካከል አልፋ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደች። ከወረዳ የተላከው ዘበኛ አያውቃትም፤ በትሩን በሩ ላይ አጋደመ።

«እማማ፣ እዚህ ዝም ተብሎ አይገባም። ሰልፉን ይያዙ።»

ጎረቤቶቿ አንገታቸውን ደፉ። ውባለም ወደ ኋላ ተመልሳ ከመጨረሻዋ ሴት ቀጥላ ቆመችና ተራዋን ጠበቀች።