ለካ ሆቴልም ይዘጋል

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። እዚህ አዋሽ የብዙዎቻችሁ ልጆች ፓስፖርት አውጥተው ቁጭ ብለዋልና ዝም ማለት አላስቻለኝም። ደስ የሚል ወሬ ግን አትጠብቁ። ጌታ ይክበር!

ሰመራ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። የጅቡቲ መኪና ክረምት ከበጋ ያልፋል፤ የእኛ በር ተዘግቶ አያውቅም። "ዛንዚባር እኮ ሆቴል በሆቴል ነው" ሲሉኝ፣ ሥራማ ሞልቷል አልኩ። ፋሲካን ከታላቅ እህቴ ጋር እዚሁ ዋልኩና ሄድኩ። የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ሰይድ "አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ካልሆነልሽም ቤትሽ ነው" ብለው ሸኙኝ።

ወገኖቼ፣ ለካ ሆቴልም ይዘጋል! ዝናቡ ገብቶ ቱሪስቱ ሄዷል። የሄድኩበት ሁሉ ወንበሩ ተገልብጦ ዘበኛው ብቻ ተቀምጧል። "ወቅቱ አልፏል፤ ያሉትንም እየቀነስን ነው" ይሉኛል። ክፍት የሆነው ደግሞ የሥራ ፈቃድ ይጠይቀኛል፤ ፈቃዱን ለማግኘት ቀጣሪ ያስፈልጋል። ሰው ሊዝናናበት የሚሄድበትን ያን ባሕር ጠላሁት።

በመጨረሻ ታምሜ ወደቅሁ። ወባ መስሎኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መረመረኝና "ወባ የለብሽም። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የበላሽው?" አለኝ።

አብራኝ የምትኖር ማርታ የምትባል የሀዋሳ ልጅ ነበረች፤ እሷንም ከሥራ ቀንሰዋታል። ሩዟን አካፍላኝ ልትጸልይልኝ እጇን ስትጭንብኝ፣ "ጌታሽ ላንቺስ መች ሥራ ሰጠሽ?" አልኳት።

አልተቆጣችም። "አልሰጠኝም" አለች። "ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻዬን አልቅሼ አላውቅም።"

ስሙ ይባረክ! እኔ ብቻዬን ነበር የማለቅሰው። እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ!

በማግስቱ ሥራ አገኘች ልትሉ ነው አይደል? አላገኘሁም። እህቴ ትኬት ቆርጣልኝ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሰመራ ስደውል ጋሽ ሰይድ በቦታዬ ሌላ ቀጥረዋል፤ "ልጄ፣ ምን ላድርግ?" አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ማርታ አሁንም እዚያው ናት፤ ጸልዩላት።

ዛሬም ሥራ የለኝም። ጠዋት ስነሳ ልቤ ይከብደኛል፣ አልዋሻችሁም። ብቻ አሁን ሸክሜን የምነግረው ጌታ አለኝ። ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ወቅቱን ጠይቃችሁ ሂዱ። ልባችሁ የከበደ ግን ወደ ጌታ ለመምጣት ወቅት አትጠብቁ። እኔን የተቀበለኝ ማንም በማይፈልገኝ ጊዜ ነው። ኑ። ክብር ለእርሱ ይሁን!