የእንኳየሁ ቀንዲል

እንኳየሁ የምትተዳደረው ጧፍ እየሠራች ነው። ሰሙን በአሮጌ ብረት ድስት ታቀልጣለች፣ የጥጡን ፈትል በሁለት ጣቷ ይዛ ትነክራለች፣ ጠንከር ሲልላት በእርጥብ ጣውላ ላይ እያንከባለለች ታለሰልሰዋለች። እጇ ከዓመት ዓመት ሰም ሰም ይሸታል። ቁስቋም ደጃፍ ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ ስትሸጥ የሚያውቋት ሴቶች "የእንኳየሁ ጧፍ አያጨስ፣ አይንጠባጠብ" ይሏታል። ጧፉን ገዝተው ወደ ቅጥሩ ሲገቡ ግን እሷ አብራቸው አትገባም። ነጠላዋን አስተካክላ ከውጭ እጅ ትነሳና የቀረውን ጧፍ ትጠቀልላለች። እንኳየሁ ካቶሊክ ናት።

ካቶሊክ ሆና አልተወለደችም፤ የኮሶዬ ገበሬ ልጅ ናት። ማሩ የሚባል ግንበኛ ለትምህርት ቤት ሥራ ወደ ኮሶዬ ወጥቶ አያት፣ ወደዳት፣ አግብቶ ወደ ጎንደር ይዟት ወረደ። እሷም የሱን ሃይማኖት ያዘች። አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ስሟን አላነሱም። ከዘመዱ ሁሉ ፊቷን ያላዞረችባት ታላቅ እህቷ እማዋይሽ ብቻ ነበረች። እማዋይሽ ድምፀ ጎርናና፣ ቀልደኛ ሴት ናት። በመኸር ድንችና ነጭ ሽንኩርት በማኪና አስጭና ትወርድና ገና ከበሩ ትጀምራለች።

"እንኳዬ! ጌታችሁ ዛሬም ከቤት ነው?"

"ከቤት ነው እታለም።"

"የኛ ታቦትስ ዓመት ጠብቆ ወጥቶ ሕዝቡን ይጎበኛል። የናንተው ምነው? ብርድ ይፈራል?"

እንኳየሁ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች።

የእማዋይሽ ቀልድ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በካቶሊኮቹ ቤት ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቅዱስ ቁርባን ለበሽተኛ ተብሎ በትንሽ ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል። እሱ እዚያ እስካለ ድረስ በፊቱ፣ በቀይ ብርጭቆ ውስጥ፣ አንዲት የዘይት ቀንዲል ቀንም ሌትም ትበራለች። እንኳየሁ ሙሽራ ሳለች የካቶሊኮቹን ጸሎት ገና አታውቅም ነበር። ዓይን አፋር ስለሆነች ሰው ፊት እየተሳሳቱ መማሩ አሳፈራት። መንገዱን ያሳያት ማሩ ነው።

"ጸሎት አላውቅማ" ብትለው፣

"ማን ጸሎት አለሽ? ቀንዲሏ ከበራች ባለቤቱ አለ ማለት ነው። ገብተሽ ተቀመጪ። ጎረቤትሽ ቤት የምትገቢው ንግግር አጥንተሽ ነው?" አላት።

ገብታ ተቀመጠች። መጀመሪያ መጀመሪያ እንቅልፍ ይጥላት ነበር። እያደር ግን የውሎዋን ነገር ትነግረው ጀመር፤ ሰሙ ጉድፍ እንደ በዛበት፣ ጉልበቷ ደረጃ ላይ እንዴት እንደሚከዳት፣ ልጅ ሳትወልድ መቅረቷን። ድምፅ ሰምታ አታውቅም፣ ራእይም አላየችም። ብቻ ከዚያ ቤት ስትወጣ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው እንዳዳመጣት ይሰማታል። ማሩ የሞተ ጊዜ ያቆማት ይኸው ነው። ከቀብሩ በኋላ ገብታ አንዲት ቃል ሳትናገር ዋለች፤ ስትወጣ ማልቀስ ችላ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ መንገድ ይዘጋ ጀመር። አንድ ሰሞን ማኪና ይሄዳል፣ አንድ ሰሞን ተኩስ አለ ይባልና ሁሉም ቀጥ ይላል። የቤተ ክርስቲያኗ ቄስ አባ ገብረ ኢየሱስ ወደ ባሕር ዳር በአስቸኳይ ተጠርተው በማለዳ ተነሡ። ቁልፉን በእንኳየሁ ጎረቤት በትዕግስት እጅ ላኩላት። "ቤቱን አደራ፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብለውሻል" አለቻት ትዕግስት። ሌላ ቃል አልነበረውም።

እንኳየሁ ከፍታ ስትገባ ቀንዲሏ ጠፍታለች።

ዘይቱ አልቆ ይሆናል ብላ ጎንበስ ብላ አየች፤ ዘይት አለ። እንግዲያው ነፋስ ነው አለች። የማይገጥመውን መስኮት በጨርቅ ጠቀጠቀች፣ ክብሪት ጫረች፣ እሳቱን በመዳፏ ከልላ አበራች። "ይቅር በለን፣ በጨለማ ትተንህ" አለችው።

አባ አልተመለሱም። መንገዱ ተዘጋ፣ ኋላም ታመው ሐኪም ቤት ተኙ ተባለ። ከነበሩት ጥቂት ካቶሊክ ቤተሰቦች ገሚሱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፣ ገሚሱ ቅዳሴ የለም ብሎ ቀረ። አያ ሐብተ ማርያም ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ከአልጋ የማይነሡ ሽማግሌ ናቸው። እንኳየሁ በጠዋት ትገባለች፣ በቀትር ትገባለች፣ ሲመሽ ትገባለች። ዘይት ሲጠፋ ከወጧ ቀንሳ ለቀንዲሏ አደረገች፤ ሽሮዋን በውኃና በጨው ብቻ በላች። ክሩን ከጥሩው ጥጥ፣ ለጧፍ እንኳ ከምትሳሳለት፣ እየፈተለች ትቀይራለች። ጥቀርሻውን ከብርጭቆው አፍ በየጊዜው ትወለውላለች። ቀንዲሏ ጠፍታ አታውቅም።

እንዲህ ሆና እንደዚያ ዘመን ቀርባው አታውቅም። ድሮ እንግዳ ነበረች፤ አሁን ቤተሰብ የሆነች መሰላት። ሁሉም ጥሎት ሄደ፣ እኔ አለሁልህ ትለዋለች። ይህንን ስትል ደረቷ ውስጥ የሚሞቅ ነገር ነበር፤ ለሰው ብትናገረው ያሳፍራታል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የእማዋይሽ ልጅ አዳነ ከኮሶዬ ደወለ።

"አክስቴ፣ እናቴ ወድቃለች። አንቺን ትላለች። ዛሬ ማኪና አለ፣ ነይ።"

"ምን አገኛት?"

"ሆዷ ነው። እህል አልወርድ ብሏታል። ነይ እንጂ፣ ነገ መንገዱ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል?"

ይኸው ነበር ጭንቁ። ኮሶዬ ሩቅ አይደለም፤ ሰላም ቢሆን ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ነው። አሁን ግን የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አያውቅም። እሷ እዚያ ብትቀር ቀንዲሏን ማን ይይዛታል?

"አዳንዬ፣ ሰው ልፈልግ። ብቻውን ጥየው መምጣት አልሆነልኝም።"

"ማንን? ቤትሽ ማን አለ?"

መልሱን ለመናገር አፈረች። ስልኩን ዘጋችው።

ወደ ትዕግስት ሄደች። ልጂቱ ልብስ እያሰጣች ነበር።

"እኔ? የናንተ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ መብራት ላበራ? እናቴ ብትሰማ ጸበል ነው የምትወስደኝ።"

"ዘይት ጠብ ማድረግ ብቻ እኮ ነው ልጄ።"

"እማማ እንኳየሁ፣ ሌላ እዘዢኝ። ውኃ ልቅዳልሽ፣ ወፍጮ ልሂድልሽ። ይኼን ግን ተይኝ።"

አያ ሐብተ ማርያም ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው በትራሳቸው ቀና ብለው ሰሟት።

"ሂጂ እንጂ። ጌታ ጥቂት ጨለማ አይችልም ትያለሽ?"

"ይችላል አያ። የማልችል እኔ ነኝ።"

"እኔ ብነሣ ባደረግሁት ነበር" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። የማይነሡ መሆናቸውን ሁለቱም ያውቃሉ።

በሳምንቱ እማዋይሽ ራሷ ስልኩን ያዘች። ጎርናናው ድምፅ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር።

"እንኳዬ።"

"እታለም! እንዴት ነሽ?"

"ሸጋ ነኝ። ማለቄ ነው እንጂ።"

"ምነው እንዲህ ትያለሽ!"

"ቆልፈሽበት ነይ እንጂ አንቺ። የት ይሄድብሻል?"

ለመሳቅ ሞከረች፣ ሳሉ ቀደማት። እንኳየሁ ሳሉ እስኪያልፍ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

"ሰው ፈልጌ እመጣለሁ እታለም።"

"ፈልጊ። እኔም እስከቻልኩ የትም አልሄድ።"

ያን ዕለት ማታ በቀንዲሏ ፊት ተንበረከከች። "እኔ አንተ ዘንድ ቀርቻለሁ፤ አንተ ደግሞ እሷ ዘንድ ሁንልኝ" አለችው። እንዲህ በግልጽ ለምና አታውቅም። ልቧ እሺ የተባለ ያህል ተረጋጋ፤ እንቅልፍ ወሰዳት።

እማዋይሽ በዝናቡ መካከል ሞተች። እንኳየሁ የሰማችው ከተቀበረች በኋላ ነው፤ ኔትወርክ አልነበረም፣ መንገዱም እንደገና ተዘግቶ ነበር።

"እስከ መጨረሻው በሩን ስታይ ነበር" አላት አዳነ፣ ስልኩ በሠራ ቀን።

መስቀል ካለፈ በኋላ መንገዱ ተከፈተና አባ ገብረ ኢየሱስ መጡ። ከስተዋል፣ ጸጉራቸው ነጥቷል። እንኳየሁ ከዋዜማው ጀምራ ወለሉን አጥባ፣ የመንበሩን ጨርቅ ተኩሳ፣ ቀንዲሏን እስከ አፏ ሞልታ ጠበቀቻቸው። እህቷን ከቀበሩባት ወዲህ የመጀመሪያው ደስታዋ ነበር። አደራውን በእጃቸው ልታስረክብ ነው።

አባ ገቡ። መስቀላቸውን አሳለሟት። ከዚያ በሣጥኑ ፊት አለፉ፤ ሲያልፉ ግን ጉልበታቸውን አላጠፉም፣ ራሳቸውንም ዝቅ አላደረጉም። እንኳየሁ አየች። ሕመሙ ይሆናል፣ ጉልበታቸው እንቢ ብሎ ይሆናል ብላ አሰበች።

አባ መለስ ብለው ቀንዲሏን አዩ።

"ይህችን ማን አበራት?"

"እኔ ነኝ አባ። የሄዱ ዕለት ነፋስ አጥፍቷት አገኘሁና አበራኋት። ከዚያ ወዲህ ጠፍታ አታውቅም።"

አባ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"እናቴ፣ ነፋስ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያጠፋኋት። መንገዱ አያስተማምንም ብዬ በዚያን ማለዳ ቅዱስ ቁርባኑን ተቀብዬ ጨርሼ ነው የወጣሁ። ሣጥኑ ባዶ ነው።"

"ባዶ?"

ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡና ከፈቱላት። ከውስጥ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ጨርቁ ላይ አንዲት የደረቀች ዝንብ። ሌላ ምንም የለም።

እንኳየሁ ብዙ ቆማ አየች።

"ልነግርሽ ይገባ ነበር። ተጣድፌ..." አሉ አባ። "ግን አትዘኚ። ያንቺን ልብ እግዚአብሔር አይቷል። እሱ በዚህ ሣጥን ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በሁሉም ቦታ አለ።"

"በሁሉም ቦታ ካለማ እህቴ ዘንድም ነበር።"

"ነበር እንጂ።"

"እኔን እኮ ነው የጠራችኝ አባ። እሱ እዚያ ከነበረ እዚህ ምን ልሁን ብዬ ቀረሁ?"

አባ ሣጥኑን መልሰው ቆለፉት። ደግ ሰው ናቸው፤ ውሸት አልመጣላቸውም።

በነጋታው ቀደሱ። ከቅዳሴው በፊት ኑዛዜ ልስማሽ አሏት። አጠገባቸው ተንበርክካ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ቆየ።

"ምን ብዬ ልናገረው?" አለች በመጨረሻ። "እህቴን ተውኳት ልል ነው፤ የተውኳት ለሱ ብዬ ነው። እሱን ወደድኩት ልል ነው፤ እሱ ኃጢአት አይደለም። የቱ ነው ኃጢአቱ?"

አባ ፈቷት። እጃቸው ራሷ ላይ ከበደ። ቆረበች፤ ስትመለስ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጣ እንደ ልማዷ ጠበቀች። የሚሞቀው ነገር አልመጣም። የውሎዋን ልትነግረው ፈለገች፤ የመጀመሪያዋ ቃል ላይ የሚሰማ መኖሩን ተጠራጠረችና ተወችው። ያ ሁሉ ጊዜ የሞቃት ነገር ምን ነበር? ከባዶ ሣጥን ፊት የሞቀው ደረት፣ ማሩ ሲሞት የሞቀው ያው ደረት አይደለም? ይህን ካሰበች በኋላ ከድሮው የትኛውን ማመን እንዳለባት ጠፋት።

አባ በዚያው ዕለት ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ። ቁልፉን መልሰው ሰጧት፤ ተቀበለች።

ከዚያ ወደ ኮሶዬ ሄደች። አዳነ ማኪና መውረጃው ድረስ ወጥቶ ተቀበላት፣ ጉንጯን ሳማት፣ የያዘችውን ሙዳይ ተቀበላት። ድሮ አንቺ ይላት የነበረው ልጅ ዛሬ እርስዎ አላት። ቢቆጣት ትመርጥ ነበር። መቃብሩን አሳያት። አፈሩ ገና አልጠበቀም፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረውበታል። የሠራችውን ጧፍ ለመቃብሩ ልታበራ አስባ አምጥታ ነበር፤ ክብሪቱን ስታወጣ እጇ እንቢ አላት። ጧፉን ለአዳነ ሚስት ለእናኑ ሰጠቻት።

ከቤት ገብታ እማዋይሽ የተኛችበትን መደብ ጠየቀች። እናኑ ከበሩ ትይዩ ያለውን አሳየቻት። ቆዳው ተነሥቷል፤ ግማሹ ላይ ለዘር የተመረጠ ድንች ተደርድሯል። እንኳየሁ በተረፈው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በሩ ክፍት ነበር፤ ከዚያ መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል፣ ከጎንደር የሚመጣ ማኪና ሁሉ ሲያቆም ሰው ሲወርድ ይታያል። እህቷ ያየችውን እያየች ዋለች።

"እታለም" አለች አንዴ፣ በለሆሳስ።

እናኑ ሌላ ቁና ድንች ይዛ ገባችና ቆመች። ቁናውን ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው አዛወረችው። ከባድ ነበር። እንኳየሁ አየቻትና ቦታውን ለቃላት ተነሣች።