ደህና ነን የሚለው የችግር ደብዳቤ

ዛሬ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው የቤት ኤጀንታችን፣ ባለቤቴ ሰይድ ለባንክ የጻፈውን የችግር ደብዳቤ አንብባ ስትጨርስ «ጋሼ፣ ባንኩ ይሄን ካየ እሱ ነው ከእርስዎ ብድር የሚጠይቀው» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰይድ ወገቡን ታሞ ታክሲ መንዳት ካቆመ ወዲህ የሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችንን ሞርጌጅ፣ የባንኩን የቤት ብድር፣ መክፈል አቅቶናል።

ሾርት ሴል ይሻለን ይሆን እያልን ነው። ባንኩ ከፈቀደ ቤቱን ካለበት ዕዳ ባነሰ ዋጋ መሸጥ ማለት ነው። ለዚያ ደግሞ መቸገራችንን በጽሑፍ ማስረዳት አለብን።

የኔ ሰውዬ ምን ብሎ ጀመረ መሰላችሁ? «አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ምንም የጎደለብን ነገር የለም።» ያውም በእንግሊዝኛ፣ አሳምሮ። ሦስት ቀን ደክሞበታል።

«ተቸግሬያለሁ ብዬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም» አላት አንገቱን ደፍቶ። የኔም ሳቅ እዚያው ቀረ።

አብረን እንደገና ጻፍነው። መሸጡን ገና አልወሰንንም፣ ማመልከቻው ግን ይግባ ብለናል።

መኪና ውስጥ እንደገባን ጌይተርስበርግ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ኮል አደረገ። «እንዴት ናችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰይድ እንደ ልማዱ። ከዚያ እኔን አየኝና «ሞርጌጁ ግን ከብዶናል» አለው።

«እኛንም እኮ» አለ ወንድሙ። 

በየቀኑ የሚደዋወሉ ወንድማማቾች ናቸው።

እናንተስ፣ ደህና ነን እያላችሁ የምትሸውዱት ማንን ነው? እዚህ ጻፉልኝ። መጀመሪያ ግን ደውሉለት።