የሰዒዳ አራት አምፖሎች

ሰዒዳን የማውቃት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ ሱቆቻችን ግድግዳ ስለሚጋሩ ነው። እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እኔ ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ። በልጅነቷ ፖሊዮ ሁለቱንም እግሮቿን ስላሽመደመደባት፣ ለዓመታት ሆጤ ካለው ቤቷ ወደ ሱቋ የምትመጣው ወይ በሰው ጀርባ ወይ በጋሪ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጂዳ ያለች እህቷ በባትሪ የምትሄድ ባለሦስት ጎማ ስኩተር ስትልክላት፣ መጀመሪያ ያለችኝ «ከእንግዲህ ማንም አይሸከመኝም» ነው።

ስኩተሯ በሦስት ባትሪ፣ በሠላሳ ስድስት ቮልት ነበር የምትሠራው። የሆጤ ዳገት አቃታት። ኮምቦልቻ የሚሠራው እንየው የሚባል የኤሌክትሪክ ባለሙያ አራተኛ ባትሪ ጨምሮ አርባ ስምንት ቮልት አደረጋት። ሞተሩ ቻለው፤ መብራቶቹ ግን ለሠላሳ ስድስት የተሠሩ ነበሩና ገና ሲበሩ ተቃጠሉ። እንየው ባለ አሥራ ሁለት ቮልት የሞተር ሳይክል አምፖል ፊትና ኋላ ገጥሞ፣ ሽቦውን ከመጀመሪያው ባትሪ ላይ ብቻ ሳበ። «ባትሪው አሥራ ሁለት፣ አምፖሉ አሥራ ሁለት፣ አለቀ» አላት።

ደሴ በክረምት ቀኑም ጉም ነው። ሰዒዳ ስትመጣም ስትሄድም መብራቷን ታበራለች። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ባትሪ ሞተ፤ እንየው ቀየረው። ያኔ ሰዒዳ በልብስ መቁረጫ ጠመኔዋ ባትሪዎቹ ላይ ቁጥር ጻፈች። አዲሱን መጨረሻ ላይ አድርጋ፣ ደህና ይሠራ የነበረውን አራተኛውን ወደ መጀመሪያው ቦታ አዛወረችው።

ነሐሴ ላይ ያ ደህናው ባትሪ ዳገቱ መሃል ሞተ። ከኋላዋ አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋል። የማታውቃቸው ወንዶች አንዱ በብብቷ፣ አንዱ በእግሯ ይዘው እንደ ጆንያ አንስተው ጥግ አስቀመጧት።

ስሰማ ቤቷ ሄድኩና «ታገሺ፣ ፈጣሪ ያውቃል» አልኳት።

«ፈጣሪማ ያውቃል። እንየው ነው የማያውቀው።»

በማግስቱ ስኩተሯን መኪና ላይ አስጭነን ኮምቦልቻ ወረድን። እንየው ገና ሲያየን ሳቀ።

«ሰዒድዬ፣ ደሞ ምን አረግሻት?»

«እኔ ነኝ ያረግኳት?»

«የቻይና ባትሪ ነው፣ እኔ ምን ላርግሽ? ለነገሩ መብራቱ ለምንሽ ነው? ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«አይሱዙ ጉም ውስጥ ሲድጠኝ ለቅሶ መጥተህ ‘ፀሐይ ነበረች’ ልትላቸው ነው?»

የሞተውን ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አስደረገችኝ። «አራት ቁጥር ይላል። መጨረሻ ላይ ሳለ ደህና ነበር። አንተ ሽቦ የሳብክበት ቦታ ሳመጣው ሞተ። ሌሎቹ ሞተር ብቻ ይገፋሉ። እሱ ሞተሩንም ይገፋል፣ መብራቱንም ያበራል። ቻርጅ ስሰካ ግን ለአራቱም እኩል ነው የሚደርሳቸው።»

«ማን አስተማረሽ ይሄን?»

«ሁለት የሞቱ ባትሪዎች።»

እንየው አንገቱን አከከ። «ባለ አርባ ስምንት አምፖል እዚህ የለም። ከየት ላምጣልሽ?»

«አራት ባትሪ ተያይዞ አርባ ስምንት ከሆነ፣ አራት አምፖልስ ተያይዞ አርባ ስምንት አይችልም?»

እንየው አንድ አምፖል አንስቶ ጽሑፉን እያነበበ «እኩል ዋት ከሆኑ ይችላል» አለ። «ግን አንዱ ሲቃጠል አራቱም ይጠፋሉ።»

«አምፖል በቦርሳዬ እይዛለሁ። ወይስ ባትሪ ልያዝልህ?»

ሁለት አምፖል ከፊት፣ ሁለት ከኋላ በቀይ ሽፋን ውስጥ ገጠመና አንዱን ከአንዱ አያይዞ ከአራቱም ባትሪ ጫፍና ጫፍ ላይ አሰረው። ሻይ አዘዘላት፤ አልነካችውም። ከእጁ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ጨረሰ። በመጨረሻ «ይቅር በይኝ» አላት።

«ወላሂ፣ ዳገቱን ሳልወጣ ይቅርታህን አልቀበልም።»

እኔ ስለ ትዕግሥት ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ታገሺ ማለቴ አሳፈረኝ፤ አልሰማ ስላለችኝም አምላኬን አመሰገንኩ።

ከሳምንት በኋላ፣ ጠዋት፣ አሥር እርምጃ የራቀ ሰው የማይታይበት ጉም ወርዶ ነበር። ቤቷ የረሳችው ጨርቅ ኖሮ ወደ ሆጤ ስትመለስ፣ ዳገቱን ስትወጣ ላያት ከኋላዋ በእግሬ ተከተልኳት። ዳገቱ ላይ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «እህቴ፣ እንግፋሽ?» አላት።

«ራስህን ግፋ» አለችው፣ ዞር ሳትል።

ሚኒባሱ ቀስ ብሎ በጎኗ አብሯት ወጣ። ትንሽ እንደሄዱ መኪናውም እሷም ጉሙ ውስጥ ገቡ። የስኩተሯ ሁለት ቀይ መብራቶች ግን እስከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ ይታዩኝ ነበር።