ጠብ ያላለችው ጀልባ

ባሕር በሌለው አገር ተወልጄ የጀልባን ቀፎ፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያርፈውን ገላዋን፣ አሠራር እስከ ዶክትሬት ድረስ ተማርሁ። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። እናቴን ለማስታመም ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ፤ እሷ ዐረፈች፣ እኔ ቀረሁ፤ አሁን ሒሳብ አስተምራለሁ። ለቅሶ ቤት በተቀመጥሁ ቁጥር ከኋላዬ የሚንሾካሾኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ያን ያህል ተምራ፣ ጠብ የሚል ነገር የላት!» የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ታላቅ ወንድሜ ነው። ማንኩሳ የሚኖር የቅኔ መምህር ነው፤ ቃል ሲመርጥ አይስትም።

ስለዚህ ቡሬ ውስጥ አንዲት ያገለገለች ባለሸራ ጀልባ ለሽያጭ መቅረቧን ስሰማ ማንንም አላማከርሁም። በቆጋ ግድብ ውሃ ላይ ለማንሳፈፍ ፈቃዱ በእጄ ነበር። ይህች ካመለጠችኝ ሌላ ባለሸራ ጀልባ ከየት ይመጣል? ሸራ ገትሬ በነፋስ ብቻ መሄድ፣ የተማርሁትን አንድ ጊዜ እንኳ በገዛ አገሬ ውሃ ላይ ማየት፤ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ወንድሜ ግን ወሬው ደርሶት ማንኩሳ ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ፤ ጋቢውን አጣፍቶ መኪናው ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ።

«እንዳትታለይ ብዬ ነው፣ እታለም» አለ። ተታልዬ ቢያይ እንደማያዝን ዐውቃለሁ።

ጀልባዋ ከአንድ የእህል መጋዘን ጀርባ፣ ግንድ ላይ ተደላድላ ቆማለች። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ፣ ሳቅ የሚወዱ ነጋዴ ናቸው፤ ከጣና ዳር ከሌላ ዕቃ ጋር ገዝተው አምጥተዋታል።

«ዶክተር፣ ቀፎ ሊያዩ ነው የመጡት አሉ? ማር የለውም፣ አስቀድሜ ልንገርዎ!»

«ንብም የለውም» ሲል ወንድሜ አከለበት። ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

ቀለሙን ተውሁት፤ አዲስ ቀለም የሻጭ ንግግር ነው። ከአፍንጫዋ በኩል ተንበርክኬ ጎኗን በርዝመቱ አየሁ። ብርሃኑ ሳይሰበር እስከ ጭራዋ ፈሰሰ፤ ቀፎዋ አልተጣመመም፣ ተሰብሮም አልተጠገነም። ቀጥዬ በመዶሻ እጀታ ማንኳኳት ጀመርሁ። አሠራሯ እንዲህ ነው፦ ከውጭ አንድ የፋይበር ግላስ ንጣፍ፣ ከውስጥ ሌላ ንጣፍ፣ በመካከላቸው እጅግ ቀላል እንጨት። ሁለቱ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቀው እስካሉ ድረስ ድምፁ ጥርት ይላል። ጎኖቿ ጥርት አሉ። ሆዷ ላይ ስደርስ ድምፁ ሞተ፤ እርጥብ ጆንያ የመታሁ መሰለኝ። የሞተበትን ቦታ ዙሪያውን በጠመኔ ከበብሁት።

«እዚህች ጀልባ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ያውቃል?» ስል ጠየቅሁ።

ነጋዴው በኩራት ቀና አሉ። «እንዴታ! ሳልፈትሽ ልሸጥልዎ ኖሯል? በቦቴ ውሃ አስሞላኋት፤ ክረምቱን ሙሉ ዝናቡም ጨመረላት። እንስራ ሲገዛ እንዴት ነው? ውሃ ተሞልቶ ይታያል። ይኸው፣ አንዲት ጠብታ ጠብ አላለችም!»

«ጠብ የሚል የላትም ከተባለማ፣ እታለም፣ ለአንቺ የተሠራች ናት» አለ ወንድሜ።

እኔ ግን ለነጋዴው እንዲህ አልሁ፦ «እንስራ ውሃን ከውስጥ ይይዛል፤ ጀልባ ከውጭ ትከለክላለች። በውስጠኛው ንጣፍ ላይ የመቀመጫው ብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ውሃው በእነሱ ገብቶ እንጨቱ ውስጥ ተቀምጧል። ጠብ ያላለው መውጫ አጥቶ ነው።»

«ይህን መጽሐፉ ነው የነገረዎ?»

«መሰርሰሪያ ያስመጡልኝ። ከተሳሳትሁ ቀዳዳውን ደፍኜ፣ በጠሩት ዋጋ እወስዳታለሁ።»

ከሆዷ ዝቅተኛው ቦታ ላይ የውጩን ንጣፍ ብቻ በሳሁ። ምንም አልመጣም። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ፤ እንደ አተላ የደፈረሰ፣ የበሰበሰ እንጨት የሚሸት ውሃ መሬቱን አራሰው።

ወደ ወንድሜ ዞርሁ። «ይኸው፣ ጋሼ። ጠብ አለ።»

ለቅኔ መምህር ሁለተኛውን ትርጉም ማስረዳት አያስፈልግም። ዐይኑን ከጠብታው ሳያነሣ «በይ እንሂድ» አለኝ፤ «ከበሰበሰ ነገር ጋር ምን ያታግልሻል?»

«እገዛታለሁ።»

ሁለቱም፣ ውሃው ሲወርድ አብሬያቸው ያላየሁ ይመስል፣ አፍጥጠው አዩኝ። የውጩ ንጣፍ ጤነኛ ነው፤ ብስባሹ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ በጠመኔ ከብቤዋለሁ። የውስጡን ንጣፍ ቆርጬ አነሣለሁ፣ የበሰበሰውን አውጥቼ አደርቃለሁ፣ አዲስ እንጨት አነጥፋለሁ። የተማርሁት ይህንን ነው። የሰውም ብስባሽ እንዲህ በማንኳኳት የሚለይ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ሰው ጋር አንድ ማዕድ ባልቀረብሁ። ነጋዴው ሳልጠይቃቸው ከዋጋው ቀነሱ፤ ሳቃቸው ግን አልተመለሰም።

ጀልባዋን በጭነት መኪና አስጭነን ወደ ፍኖተ ሰላም ጉዞ ጀመርን። ማንኩሳ ላይ ወንድሜ ሲወርድ ሰው መኪናውን ከበበ።

«የኔታ፣ ምን ጉድ ነው የጫናችሁት?»

«ቀፎ ነው» አለ።

«ይህን የሚያህል! ንቡስ የታለ?»

ወንድሜ በሩን ዘግቶ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «ንቧማ ጋቢና ተቀምጣለች። እንዳትጠጉ።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሾፌሩን «እንሂድ» አልሁት፤ ጀልባዋ ከኋላችን አስፋልቱ ላይ ጠብ፣ ጠብ እያለች ተጓዘች።